በአንድ ግቢ ሦስት ቋንቋ፦ ለድሬዳዋ የትምህርት ኃላፊዎች ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለድሬዳዋ አስተዳደር የትምህርት ኃላፊዎች፣

ባለፈው ቅዳሜ ልጄን ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ይዤ ቀፊራ ገበያ ወረድኩ። ሦስቱም 5ኛ ክፍል ናቸው፤ የትምህርት ቤታቸው ግቢም አንድ ነው። የእኔዋ በአማርኛ ትማራለች፣ ጓደኛዋ በኦሮምኛ፣ ልጁ በሶማልኛ። አንድ ሐልዋ (ጣፋጭ) መሸጫ ቤት በር ላይ በላቲን የተጻፈ ሰሌዳ አይተው ማንበብ ጀመሩ። ቃሉ የሚጀምረው በኤክስ ነው። ልጄ «ኤክሳልዎ» አለች። ጓደኛዋ «ጣልዎ» አለች። ልጁ በሳቅ ሞተ። «ሐልዎ ነው እኮ!»

እኔም ስቄአለሁ። ቤት ስገባ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ኤክስ በኦሮምኛ ጠ ናት፣ በሶማልኛ ሐ። ሲ የምትባለዋም በኦሮምኛ ጨ ሆና በሶማልኛ ከጉሮሮ የምትወጣ ዐ ትሆናለች። ይህን ለመንገር አምስት ደቂቃ ይበቃል። አምስት ዓመት አንድ ግቢ ሲውሉ ግን የነገራቸው የለም።

ልጅ በአፍ መፍቻው መማሩን እደግፋለሁ፤ እንዳትሳሳቱብኝ። የእኛ ዘመን በዚህ አይናፈቅም። ቤቱ ሶማልኛ እያወራ የሒሳብ ጥያቄው በአማርኛ ስለሆነ ብቻ «ሰነፍ» የተባለ የክፍል ጓደኛ ነበረኝ። ዛሬ ነጋዴ ነው፤ ሒሳቡን ብታዩት!

ችግሩ ሌላ ነው። ድሬ በ1895 ዓ.ም. ባቡር ይዞት በመጣው ሰው የቆመች ከተማ ናት፤ እኛም ቋንቋ የለቀምነው ከመንገድ ነው። እኔ ኦሮምኛ የተማርኩት እናቴ አትክልት ስትከራከር እያዳመጥኩ ነው። የዛሬ ልጅ በባጃጅ ይሄዳል፣ በባጃጅ ይመለሳል፣ ከዚያ ስልክ ላይ ነው። ሠፈር የሚያስተምረውን ትምህርት ቤት ካልተካው ማን ይተካዋል? ሦስቱ ልጆች አንድ ክፍል የሚቀመጡት 9ኛ ክፍል ሲደርሱ ነው፤ ያኔም የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው። ይኼ አያስቅም?

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ተማሪ ቢያንስ አንድ የብሔረሰብ ቋንቋ መርጦ መማር እንደሚችል ጽፎ ነበር። ስለዚህ የምጠይቀው አዲስ ነገር አይደለም።

በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ስጡን። የኦሮምኛው መምህር ወደ አማርኛው ክፍል ይሻገር፣ የአማርኛው ወደ ሶማልኛው፣ የሶማልኛው ወደ ኦሮምኛው። ሦስቱ ክፍሎች ባሉበት ግቢ መምህሩ ኮሪደር ማቋረጥ ብቻ ነው የሚጠበቅበት። እርግጥ የመምህሩ ጫና ይጨምራል፣ ጭማሪው በክፍያ ይታሰብለት፤ በነፃ ሥራ ማለት ነውር ነው። ፈተናም አታብዙበት። ልጆቹ ሰላምታ፣ ቁጥር፣ ገበያ፣ ቀልድ ይማሩ፤ ሰዋስው ይደርሳል። በየክፍሉ ግድግዳ ላይም ፊደሉና ሁለቱ የላቲን አጻጻፎች ጎን ለጎን ይለጠፉ።

የመስከረሙ ድልድል ሳይዘጋ ብታዩልን ደስ ይለኛል። ልጄ ከወዲሁ ጀምራለች፤ ትናንት ደብተሯ ጀርባ ላይ ስሟን በሦስቱም ጽፋ አገኘሁት። የሶማልኛውን ያረመላት ያ የሳቀባት ልጅ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንዲት የ5ኛ ክፍል ተማሪ አባት፣ ከሳቢያን