እንጦጦን በእግር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ሽርሽር ስትጽፉ ላንጋኖና ቢሾፍቱ ብቻ አይሁን፤ እዚሁ አናታችን ላይ እንጦጦ አለ። ባለፈው እሁድ ከእናቴ ጋር ከሽሮ ሜዳ ታክሲ ይዘን እስከ ማርያም ወጣንና ከዚያ በባሕር ዛፉ ሥር ቀስ እያልን ተራመድን። ጉልበቷን ያማታል፣ ግን ሜዳ ሜዳውን ስለያዝን አልከበዳትም። ከፍታው ከ3000 ሜትር ስለሚበልጥ ትንፋሽ ያጥራል፤ አትቸኩሉ፣ ሹራብም ያዙ። የዐፄ ምኒልክን የድሮ ቤተ መንግሥት አየን፤ ከዚያ ከተማዋን ቁልቁል እያየን ቆሏችንን ቆረጠምን። እንዴት ደስ እንዳላት!

መንገድ ዳር የተጣለው የውሃ ፕላስቲክ ግን አንጀቴን አሳረረው። እባካችሁ፣ ይዛችሁት ተመለሱ። ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ሲመጡም መንገድ ልቀቁላቸው።

የእንጦጦ ወዳጅ፣ ከአዲስ አበባ