የቧንቧችን ውሃ የሚቆሽሸው የት ጋ እንደሆነ ይታወቅልን

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ውሃ መጥፋት በየጊዜው ትጽፋላችሁ ደግ አረጋችሁ፣ እኔ ደሞ ከመጣ በኋላ ስላለው ነገር ልጽፍላችሁ ነው። እኛ ሰፈር፣ እዚሁ አዲስ አበባ፣ ውሃ በፈረቃ ነው፣ የሚመጣውም ለሊት ነው፣ ተነስተን ጀሪካኑንም ባልዲውንም ሞልተን እንተኛና ጠዋት ክዳኑን ስንከፍት ቀጭን ሻይ መስሎ እናገኘዋለን።

ባለፈው ክረምት ትንሿ ልጄን ተቅማጥ አጣድፏት ሀኪም ቤት ይዣት ሄድኩ፣ የምትጠጣው ውሃ ከየት ነው ሲሉኝ ከቧንቧ አልኩ። ቤት ገብቼ ሳስበው ግን ይሄ መልስ አይደለም። ቧንቧ ማለት እኮ የመንገዱ መስመር አለ፣ ቆጣሪው አለ፣ ግቢ ውስጥ የተቀበረው ብረት አለ፣ ሮቶው አለ፣ ከዛ ነው ኩሽና የሚደርሰው። የቱ ጋ ነው የቆሸሸው? ለሚመለከተው ክፍል ስደውል ትንሽ አፍስሱት ይጠራል ብለው ዘጉት። ጎረቤቶቼም እያንዳንዱ የየራሱ ግምት አለው፣ አንዱ ግድቡ ደፍርሶ ነው ይላል፣ አንዱ ክሎሪን በዝቶ ነው ይላል፣ ያየ ግን የለም።

ግቢያችንን የሚያውቁ አንድ የቧንቧ ሰራተኛ ጋሼ አሉ፣ መላውን ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ከቆጣሪው ቀጥሎ አንዲት መቅጃ ገጠሙልኝና "በግምት አትሂጂ፣ ቀድተሽ አስቀምጪና እዪው" አሉኝ። ውሃው እንደመጣ በሃይላንድ ከዛች መቅጃ ቀዳሁ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ እዛው ደግሜ ቀዳሁ፣ ጠዋት ደሞ አንዱን ከሮቶው መውጫ አንዱን ከኩሽና ቀዳሁና ወረቀት ለጥፌባቸው ነጭ ጨርቅ ላይ አሳደርኳቸው።

ከመንገዱ የመጀመሪያው ቡኒ ነበር፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ የቀዳሁት ግን ጥርት ያለ ነው። ባዶ የከረመ ቧንቧ ውስጥ ውሃ በሀይል ሲመለስ የተኛውን አፈርና ዝገት ጠራርጎ ነው የሚያመጣው፣ እኛ ደሞ ያንን የመጀመሪያውን ነው በጉጉት ሮቶ ውስጥ የምንሞላው! የሮቶው ጠርሙስ ስሩ ላይ ጥቁር ጭቃ አስቀመጠ፣ ከፍተን ስናየው ለአመታት ያልታጠበ አተላ ነው። የኩሽናው ግን ጭቃም አለው፣ ከዛ በላይ ብርቱካንማ ቅርፊት አለው፣ ሮቶው ላይ ያላየሁት። ስለዚ ከሮቶው ወዲህ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። ጋሼ ስሚንቶውን ሰብረው ሲያወጡት የድሮው የብረት ቧንቧ በዝገት ተበልቷል፣ አንድ ቦታ ላይ ተበስቷል፣ የተበሳውም ከሽንት ቤት መውረጃው ጎን ነው። እዛ ጋ ቆሜ እንባዬ መጣ። ሮቶው ባዶ በሆነ ጊዜ ቧንቧው ግፊት የለውም፣ ያኔ ከውጭ ያለውን እርጥበት ወደ ውስጥ ይስባል፣ ልጄ የጠጣችው እሱን ሊሆን ይችላል።

ይሄ በግቢ ብቻ የሚያልቅ አይደለም። የለገዳዲ፣ የድሬና የገፈርሳ ግድብ ውሃ ተጣርቶ ክሎሪን ገብቶበት ነው የሚለቀቀው፣ ከአቃቂ በኩል ደሞ የጉድጓድ ውሃ አለ (ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ሆኖ የሚጋገረው ከመሬቱ የሚመጣ ካልሲየም ነው፣ ቆሻሻ አይደለም፣ ሰው በከንቱ አይጨነቅ)። ከማጣሪያው ንፁህ ቢወጣም እኛ ጋ እስኪደርስ የሚያልፍበት መስመር በፈረቃው ምክንያት በየጊዜው ባዶ እየሆነ ነው፣ እኔ ግቢ የሆነው ነገር መንገድ ስር ባለ የተበሳ ቧንቧም ይሆናል። በ2008 አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) ከተማችን ገብቶ ስንቱን እንዳስጨነቀ አልረሳንም። አይን ደሞ ሁሉን አያይም፣ ጥርት ያለው ጠርሙስም ጀርም ሊኖረው ይችላል። የአለም ጤና ድርጅት የሚለው በ100 ሚሊሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ ኢ ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ጭራሽ መገኘት የለበትም፣ ተጠቃሚው ጋ ሲደርስም በሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም ክሎሪን ሊቀረው ይገባል። አተላ ያለበት ሮቶ ውስጥ ይሄ ክሎሪን ቆሻሻውን ሲታገል ያልቃል። ማፍላት ጀርሙን ይገድላል፣ ዝገቱን ግን አያወጣም።

የምጠይቀው መስመር ሲጠገን ወይ ፈረቃው ሲመለስ ወደየቤቱ ከመለቀቁ በፊት ዋናው መስመር ታጥቦ ቆሻሻው እንዲወጣ ነው፣ ቆሻሻ ውሃ ብሎ የሚደውልም ሰው አፍስሱት ከሚባል ይልቅ፣ ባለሙያ መጥቶ ከቆጣሪው ላይ ናሙና ይውሰድለት፣ የየሰፈሩም የክሎሪን ልኬት በየሳምንቱ ጋዜጣችሁ ላይ ቢወጣ ሁላችንም እናየዋለን። ቤት አከራዮችም እባካችሁ ሮቶውን አሳጥቡ፣ ክዳኑን ግጠሙ፣ ተከራይ ወጥቶ ማየት አይችልም።

እኛ ቤት ብረቱ በፕላስቲክ ተቀይሯል፣ ሮቶውም ታጥቧል። ውሃ ሲመጣ ግን አሁንም የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት በባልዲ ለሽንት ቤት ነው የምቀዳው፣ ምክንያቱም የመንገዱ አሁንም ቡኒ ነው። ጠርሙሶቹን ከነወረቀታቸው አስቀምጫቸዋለሁ፣ ጋዜጠኛም ይሁን ባለሙያ መጥቶ ማየት ለሚፈልግ በሬ ክፍት ነው።

አክባሪያችሁ፣
አንዲት እናት፣ ከአዲስ አበባ