ቀለሙን ስለሚለውጠው ፈርጥ፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ፒያሳ ወደሚገኘው ወርቅ ቤታችን ቀለሙን የሚለውጥ ፈርጥ ያለበት ቀለበት ይዘው መጥተው «ይህ አሌክሳንድራይት ነው ወይ?» ብለው የሚጠይቁን ደንበኞች በመበርከታቸው፣ ጉዳዩን በጽሑፍ ልናስረዳችሁ ወደድን።

አሌክሳንድራይት ክሪሶቤሪል የተባለው ማዕድን አንዱ ዓይነት ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1830ዎቹ፣ በሩሲያ የኡራል ተራሮች፣ ከየካተሪንበርግ ብዙ በማይርቀው የቶኮቫያ ወንዝ አካባቢ መረግድ (ኤመራልድ) ከሚቆፈርበት ስፍራ ተገኘ፤ ስሙም የወጣለት በዘመኑ አልጋ ወራሽ በነበሩትና ኋላ ዳግማዊ አሌክሳንደር ተብለው በነገሡት ልዑል ነው። ድንጋዩ የተገኘው ልዑሉ 16 ዓመት በሞላቸው ዕለት ነው የሚለውን ትረካ ግን እኛ እንደ አፈ ታሪክ ብቻ እንመለከተዋለን። ዛሬ ከስሪላንካ፣ ከሕንድ፣ ከታንዛኒያና ከብራዚል ይመጣል፤ በተለይ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1987 በብራዚል ሚናስ ዤራይስ ግዛት፣ ኤማቲታ በተባለ ስፍራ የተገኘው በቀለም ለውጡ እጅግ የተመሰገነ ነው።

ውበቱ ያለው በውስጡ በገባው ክሮሚየም የተባለ ጥቂት ንጥረ ነገር ነው። ክሮሚየሙ ከብርሃን ውስጥ ቢጫውን ውጦ አረንጓዴውንና ቀዩን በተቀራረበ መጠን ስለሚያሳልፍ፣ የትኛው ቀለም እንደሚያይል የሚወስነው ድንጋዩ ላይ ያረፈው ብርሃን ነው። የቀን ብርሃን ሰማያዊና አረንጓዴ ስለሚበዛበት ድንጋዩ አረንጓዴ ይሆናል፤ ሻማና የድሮው ባለ ክር አምፖል ደግሞ ቀይ ስለሚበዛባቸው ወደ ቀይ ወይም ወደ ወይን ጠጅ ይለወጣል። መብራት ጠፍቶ ሻማ የተለኮሰ ምሽት ይህን ድንጋይ በጣቱ ያደረገ ሰው ምን ለማለት እንደፈለግን ይገባዋል። በአንጻሩ ነጭ ኤልኢዲ መብራት ለውጡን ሊያደበዝዘው ስለሚችል፣ በሱቅ መብራት ሥር ብቻ አይታችሁ እንዳትገዙ አደራ እንላለን።

ብርቅ የሆነበት ምክንያት ለመፈጠር የሚያስፈልጉት ሁለት ንጥረ ነገሮች፣ ቤሪሊየምና ክሮሚየም፣ በተፈጥሮ በተለያዩ ዓለቶች ውስጥ የሚኖሩና እምብዛም የማይገናኙ መሆናቸው ነው። ተገናኝተው በአካባቢው ሲሊካ (የተራ አሸዋ ዋና ይዘት የሆነው) በብዛት ካለ፣ በጉጂ ሻኪሶ አካባቢ እንደሚወጣው ያለ መረግድ ይፈጠራል፤ ክሪሶቤሪል እንዲፈጠር ሲሊካው ማነስ አለበት። የአሌክሳንድራይት ጥንካሬ ደግሞ አልማዝ 10 በሚይዝበት መለኪያ 8.5 በመሆኑ፣ ጥንቃቄ ከሚሻው የወሎ ኦፓል ይልቅ በየዕለቱ ለሚደረግ ቀለበት ይመቻል።

አሁን ወደሚያሳስበን ነገር እንምጣ። አንዲት እናት፣ ነፍሳቸውን ይማርና ባለቤታቸው ከብዙ ዓመት በፊት ከካይሮ ያመጡላቸውን ትልቅ ፈርጥ ያለው ቀለበት አሳይተውን ነበር። ድንጋዩ በቀን ግራጫ የቀላቀለ ሰማያዊ፣ በአምፖል ሐምራዊ ይሆናል፤ በማጉያ መነጽር ስናየው ደግሞ በውስጡ የጎበጡ መስመሮች ታዩን። ይህ ቫናዲየም የተባለ ንጥረ ነገር የተጨመረበት ሰው ሠራሽ ኮረንደም (ሩቢና ሰንፔር የሚመደቡበት ማዕድን) ነው፤ በአሌክሳንድራይት ስም በግብፅና በሌሎች አገሮች ለመንገደኞች ለረጅም ዘመን ሲሸጥ ኖሯል። እውነቱን ስንነግራቸው ዝም ብለው ቆዩና ቀለበቱን መልሰው አጠለቁት። የባለቤታቸው ስጦታ ነውና አድራጎታቸው ልክ ነበር፤ እኛም ወርቁን አጥርተን መለስንላቸው እንጂ ፈርጡን እንዲቀይሩ አልመከርናቸውም።

ይህን ዓይነቱን ኮረንደም እኛው ልንለየው እንችላለን። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሚመረተው ሰው ሠራሽ አሌክሳንድራይት ግን ውስጠ ይዘቱ ከተፈጥሮው ጋር አንድ ስለሆነ፣ በሱቅ ውስጥ በዓይን አይቶ «የተፈጥሮ ነው» የሚላችሁን ሰው አትመኑ፤ እኛንም ጭምር። በዚህም ምክንያት አሌክሳንድራይት የምናስመጣው በትእዛዝና ከታወቀ የከበሩ ማዕድናት ቤተ ሙከራ የምስክር ወረቀት ጋር ብቻ ነው። ምርጫው በመጠንና በቀለም ለውጥ መካከል ሲሆን፣ ትንሽ ሆኖ በደንብ የሚለወጠውን እንድትወስዱ እንመክራለን።

በእጃችሁ ያለውን ፈርጥ ማስመርመር የምትፈልጉ ደንበኞቻችን ከቀትር በፊት ብትመጡ፣ በረንዳችን ላይ በቀን ብርሃን፣ ውስጥ ደግሞ በባለ ክር አምፖል አብረን እናየዋለን፤ ለዚህም ክፍያ አንጠይቅም።

ከአክብሮት ጋር፣
የወርቅ ቤታችሁ ባልደረቦች
ፒያሳ፣ አዲስ አበባ