እማዬ፣ የልጁ የአንገት እብጠት ከአንቺ አይደለም

እማዬ፣ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ትናንት በስልክ «የእኔ እንቅርት ነው የተላለፈበት» ብለሽ ስታለቅሺ ዝም ያልኩት ልጁ አጠገቤ ስለነበር ነው። አሁን ተኝቷል። ይሄን እህቴ ታንብብልሽ።

ከአንቺ አይደለም እማ። ያንቺ እንቅርት አዮዲን በማጣት የመጣ ነው፤ ያኔ በእኛ ቀበሌ አዮዲን ያለው ጨው ማን አይቶ ያውቃል? የልጁ ሌላ ነው። ታይሮይድ የሚባለው እጢ ፅንሱ ላይ መጀመሪያ የሚበቅለው ምላስ ሥር ነው አሉኝ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ አንገት ይወርዳል፣ የወረደበት ቀጭን መንገድም እስከ 10ኛው ሳምንት ገደማ ይጠፋል። የእሱ ሳይጠፋ ቀርቶ ውስጡ ፈሳሽ ቋጠረ። ማርገዜን እንኳ ገና ሳልነግርሽ ያለቀ ነገር ነው።

ሐኪሙ «ጎበዝ፣ ምላስህን አውጣ» አለው። እስከ አገጩ ዘረጋው። ያቺ ሽምብራ የምታህል እብጠት ወደ ላይ ስትነሣ በዓይኔ አየሁ! በመልሳችን አሞራ ገደል የአሳ ገበያ ወስጄው የአሳ ሾርባ ሲጠጣም፣ በየጉንጩ ከፍ ዝቅ ትላለች።

ያልሽኝ የባህል ሐኪም ሴትዮ ግን በጋለ ብረት አትተኩሰውም። መጀመሪያ የሄድንበት ክሊኒክ ብጉንጅ ነው ብለው በስተውት በሁለት ሳምንት ተመልሶ አበጠ፣ ሌሊቱን በትኩሳት ሲቃጠል አደረ፤ ያን ሌሊት መቼም አልረሳውም። አሁን በመድኃኒት ቁስሉ ደርቋል። አልትራሳውንድም ተነሥቷል፤ አንዳንድ ልጅ ላይ ያለው ታይሮይድ እብጠቱ ብቻ ሊሆን ስለሚችል ሳያዩ አይቆርጡም። የእሱ ቦታው ላይ አለ፣ ተመስገን።

ኦፕራሲዮኑ አዲስ ነገር አይደለም። ሲስትራንክ የሚባል ሐኪም በፈረንጅ 1920 የጻፈው ነው። እብጠቱን ብቻ ቢያወጡት ይመለሳል፤ ስለዚህ ከአገጭ በታች ካለችው አጥንት የመሃሏን ቁራጭና መንገዱን አብረው ያወጣሉ። መዋጥም መናገርም አይከለክለውም።

ሐሙስ ነው ቀጠሮው። ረቡዕ ሐዋሳ መነኸሪያ እጠብቅሻለሁ። ቡላ ይዘሽ ነይ፣ ለስላሳ ነገር ነው የሚበላው። ነጠላሽንም አንገትሽ ላይ አትጠምጥሚው። «አያቴም ምላሷን ስታወጣ ይነሣል?» ብሎ ጠይቆኛል፣ አንቺው አሳዪው።