ለጀማሪ ክፍል መምህራን በየሁለት ሳምንቱ አንድ ከሰዓት በኋላ ይሰጠን

ይድረስ፦ ለወረዳችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ምሥራቅ ጎጃም

ጉዳዩ፦ የዜሮ (ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው)፣ የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል መምህራን በጉድኝት (በአቅራቢያ ያሉ ትምህርት ቤቶች ስብስብ) ደረጃ አብረው የሚያቅዱበት ቋሚ ጊዜ በካሌንደሩ እንዲያዝ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

የአክብሮት ሰላምታዬን አስቀድሜ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ። የመጪው ዓመት የትምህርት ካሌንደር በዚህ ሰሞን በጽሕፈት ቤትዎ እየተዘጋጀ እንደሆነ እናውቃለን። እንደየዓመቱ ከሆነ የምዝገባ ሳምንት፣ የሴሚስተር ፈተና፣ የወላጆች ቀን፣ የችግኝ ተከላ ሳይቀር ረድፍ ተሰጥቷቸው ይመጣሉ። የዜሮ፣ የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል መምህራን ከየትምህርት ቤታቸው ወጥተው፣ አንድ ጠረጴዛ ከበው፣ የሚቀጥሉትን ሁለት ሳምንታት የሚያቅዱበት ሰዓት ግን በዚያ ወረቀት ላይ ኖሮ አያውቅም። የምጠይቀው እሱን ነው። በአደባባይ የጻፍሁት ጥያቄው የእኔ ብቻ ስላልሆነ ነው፤ በመዝገብ ቤት በኩል ቢገባ ደግሞ «ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» ተብሎበት የት እንደሚቀር ከወዲሁ ስለማውቅ ነው።

እዚያው በየትምህርት ቤታችሁ ለምን አትመካከሩም ይሉን ይሆናል። ከተማ ላይ ይቻላል። የከተማው ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍልን ሀ፣ ለ፣ ሐ እያለ ሦስትና አራት ቦታ ከፍሎታል፤ መምህራኑ በእረፍት ሰዓት ደጃፍ ላይ ቆመውም ቢሆን ይነጋገራሉ። እኔ በማስተምርበት የገጠር ቀበሌ አንደኛ ክፍል አንድ ነው፤ መምህሩም እኔ ብቻ ነኝ። አማርኛውንም፣ ሒሳቡንም፣ አካባቢ ሳይንሱንም የማስተምረው እኔው ነኝ። የ1ለ5 ቡድኔ ውስጥ የስድስተኛ ክፍል እንግሊዝኛና የአምስተኛ ክፍል ሒሳብ መምህራን አሉ፤ መልካም ሰዎች ናቸው። ነገር ግን «ፊደል አልይዝ ያለውን ልጅ ምን ላድርገው?» ብላቸው «ታገሺው» ከማለት ሌላ የሚሉኝ የላቸውም። እኔም ስለ ክፍልፋይ አስተማመር ሲወያዩ አዳምጬ ቃለ ጉባኤው ላይ ፈርሜ እነሣለሁ።

ርእሰ መምህራችን ይህን ሊፈታው አይችልም። የሌላ ትምህርት ቤት መምህር መጥራት ሥልጣኑ አይደለም፤ የጎረቤቱን ፈረቃ ማዛወርም አይችልም። የጉድኝቱን ትምህርት ቤቶች የሚከታተለው ሱፐርቫይዘር ይጠራ ይሆናል፤ ነገር ግን ካሌንደሩ የማያውቀው ስብሰባ በማግስቱ በሌላ ስብሰባ ይሻራል። ፈረቃውን፣ ካሌንደሩንና ሱፐርቫይዘሩን በአንድ እጅ የያዘው ወረዳው ነው።

ምን እያጣን እንደሆነ አንድ ነገር ላሳይዎ። ባለፈው መጋቢት ለሌላ ጉዳይ ወደ ጉድኝት ማዕከሉ ተጠርተን፣ ሰብሳቢው እስኪመጣ ግቢው ውስጥ ካለው ዋንዛ ሥር ተቀምጠን ነበር። የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ በእግሯ የመጣች የሁለተኛ ክፍል መምህር ያላረመቻቸውን የቃል ጽሕፈት ደብተሮች በፌስታል ይዛ ነበርና «እየጠበቅን እናግዝሽ» አልናት። ገና ሦስተኛው ደብተር ላይ የማውቀውን ስሕተት አገኘሁት፤ «ቡና» «ቢና» ተብሎ ተጽፏል፣ «ሱቅ» «ሲቅ» ሆኗል። ካዕብና ሣልስ መደባለቅ የእኔም ክፍል የከረመ በሽታ ነው። ከወንዝ ማዶ ካለው ትምህርት ቤት የመጣችው ሳቀችና ተነሥታ ቆመች። «ቡ» ስትል ቀኝ እጇን ከወገቧ ትይዩ ወደ ጎን ዘረጋች፤ «ቢ» ስትል እጇን ሰብስባ ቀኝ እግሯን ወደ ጎን አወጣች። የካዕብ ቅጥያ ወገብ ላይ፣ የሣልስ ቅጥያ እግር ላይ፤ በቃ። ቃል ሲነበብላቸው ልጆቿ ከዴስኩ ሥር እግራቸውን ሲያወጡ ታያለች። ለዓመታት እንዲህ ስታስተምር ኖራለች፤ ከግቢዋ ውጪ ግን የሰማ የለም። ለማይታዘዙት ለ«ሩ» እና ለ«ፉ» ሌላ ዘዴ እንዳላት ልትነግረን አፏን ስትከፍት ሰብሳቢው መጣ። ደብተሮቹ ወደ ፌስታሉ ተመለሱ። የዕለቱ አጀንዳ የሩብ ዓመት ሪፖርት መሙያ ቅጽ ነበር።

ዘዴ መለዋወጥ ብቻም አይደለም። ደብተሮቹን ስናይ በአንድ ጉድኝት ውስጥ ምን ያህል የተራራቀ መንገድ እንደምንሄድ አየን። አንዷ ፊደሉን ከሀ እስከ ሆ ዘር በዘር ትወስዳለች። ሌላዋ መጀመሪያ ግዕዙን ብቻ ከሀ እስከ ፐ ታስጨርሳለች። ሦስተኛዋ ከልጆቹ ስም ተነሥታ ወደ መጽሐፉ ትመጣለች። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ልጁ በየትኛውም «ሀ» እና «ፀ» ቢጽፈው አንዷ ልክ ትለዋለች፤ ሌላዋ በቀይ ታሰምርበታለች። በበኩሌ ሁለተኛ ክፍል ሳይጨርስ በ«ሐ» እና በ«ኀ» ልጅን ማስለቀስ ደግ አይመስለኝም፤ ተከራክሮ የሚያሳምነኝ ካለ ግን ለመስማት ዝግጁ ነኝ። ችግሩ የምንከራከርበት ቦታ ማጣታችን ነው። ዋጋውን የሚከፍለው በዓመቱ መካከል ከአንዱ ቀበሌ ወደ ሌላው የሚዛወረው ልጅ ነው፤ በዚህ ዘመን ደግሞ እንዲህ ያለ ልጅ ብዙ ነው።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን የሆነውን ለእርስዎ አልተርክም። ለወራት የተዘጋ ትምህርት ቤት አለ፤ ዓመት አልፎት ያልተከፈተም አለ። ሲከፈት አንደኛ ክፍል የሚገቡት ሰባት ዓመት የሞላቸው ብቻ አይደሉም። አሁን እኔ ክፍል የፊት ወንበር ላይ እርሳስ መያዝ የሚለማመድ ሕፃን፣ የኋላው ላይ ከብት ሲጠብቅ የኖረና ብር ቆጥሮ መልስ የሚሰጥ፣ «ሀ» እና «ለ»ን ግን የማይለይ ትልቅ ልጅ ተቀምጠዋል። ለሁለቱ አንድ ዓይነት የዕለት ዕቅድ ጽፌ ለርእሰ መምህሩ አስፈርማለሁ። የመምህሩ መምሪያ ስለዚህ የሚለው ነገር የለም። እያንዳንዳችን በየክፍላችን የየራሳችንን መላ እየመታን ነው፤ የአንዳችን መላ ሠርቶ እንደሆነ እንኳ ሌሎቻችን አናውቅም።

የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ቤቶች አገር ሰዎች ነን። እዚህ አገር መምህር ሊሆን የተነሣ ሰው ከአንድ መምህር እግር ሥር ብቻ ተነሥቶ ጉባኤ አይዘረጋም ነበር፤ ስንቁን ይዞ ከጉባኤ ጉባኤ እየዞረ፣ የአንዱን መንገድ ከሌላው እያስተያየ ነው የሚመረቀው። እኛ ግን ዲፕሎማችንን ይዘን አንድ ክፍል ከገባን በኋላ የሌላ ሰው አንደኛ ክፍል ሳናይ ጡረታ እንወጣለን።

በ2002 ዓ.ም. በሀገር ደረጃ የተካሄደው የጀማሪ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከተመዘኑት የሁለተኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ መጽሐፉ ተለውጧል፤ በ2015 ዓ.ም. የወጣው ፖሊሲም አንደኛ ደረጃን እስከ ስድስተኛ ክፍል አድርጎ ሁለት ዓመት ቅድመ አንደኛ ደረጃ አስቀድሞበታል። ሥልጠናም አልጠፋም። ከላይ ሳምንት የፈጀው ሥልጠና በየደረጃው እየተቆረጠ እኛ ዘንድ ሲደርስ የግማሽ ቀን ገለጻ ይሆናል እንጂ። አንደኛ ክፍል የሚያስተምረው ሰው ብቻውን መሆኑ ግን ያው ነው።

ጊዜው ከየት ይመጣል? ከእጃችን ላይ ካለው። የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ መመሪያ እያንዳንዱ መምህር በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት ለሙያው ማሻሻያ እንዲያውል ያዝዛል። እነዚህ ሰዓቶች ዛሬ የት እንደሚሄዱ እርስዎም ያውቃሉ፤ ዕቅዱን በመገልበጥ፣ ፖርትፎሊዮውን በማስዋብ፣ ለሱፐርቪዥን የሚታይ ፋይል በማዘጋጀት ነው የሚያልቁት። በየሁለት ሳምንቱ ለሦስት ሰዓት ብንገናኝ 40 ሳምንት ገደማ በሚሆነው የትምህርት ዓመት 20 ጊዜ ይሆናል። 20 በ3 ሲባዛ 60 ነው። በመመሪያው ላይ አንድ ሰዓት አልጨመርሁም።

በፈረቃ በሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች በዚያ ቀን የጀማሪ ክፍሎች ፈረቃ ጠዋት ይሁን፤ ከሰዓት በኋላው ነጻ ይወጣል። ሙሉ ቀን በሚማሩት ዘንድ ልጆቹ በሁለት ሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ክፍለ ጊዜ ያጣሉ። ይህ ቀላል ነው አልልም፤ ለአንደኛ ክፍል ልጅ ሦስት አርባ ደቂቃ ብዙ ነው። ነገር ግን ጤፍ በሚታጨድበት ወቅት ግማሽ ባዶ ክፍል ይዘን የምናሳልፋቸውን ከሰዓቶች የምናውቅ ሰዎች ነን፤ የገበያ ቀን ከሰዓት በኋላም ከዚያ የተሻለ አይደለም። ስለዚህ ቀኑን እያንዳንዱ ጉድኝት እንደ አካባቢው ይምረጥ። (የገበያውን ቀን የሚመርጥ ጉድኝት ካለ መምህሩም ጤፉን የሚሸምተው በዚያው ቀን መሆኑን አይርሳ። ሦስት ሰዓት ካለፈ ስብሰባው ራሱን በራሱ ይበትናል።)

ቦታው ሁልጊዜ ማዕከሉ እንዲሆን አንፈልግም። መስከረም ላይ የእኛን አገር ዋልካ ረግጦ የመጣ ሰው ምክንያቱን ይረዳል። ተራ በተራ በየትምህርት ቤቱ ብንሄድ ድካሙ ይከፋፈላል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የባልደረባችንን ክፍል ግድግዳ፣ የፊደል ገበታዋን፣ ልጆቿን እንዴት እንደምታስቀምጥ በዓይናችን እናያለን። መንገዱ የማያስኬድበት ቀን ሲመጣ፣ እንደሚመጣም ሁላችንም እናውቃለን፣ በመቅረቱ የሚጠየቅ መምህር እንዳይኖር አስቀድሞ በጽሑፍ ይቀመጥልን። በቴሌግራም ይሁን የሚል ሐሳብ ከተነሣ ኔትወርኩ ሲኖር ለመላላኪያ ጥሩ ነው እላለሁ። ደብተር ግን በስልክ መስታወት አይታረምም።

ስንገናኝ የምንሠራው ውስብስብ አይደለም። በየክፍላችን አንድ ዓይነት አሥር ቃላት አጽፈን እንመጣለን፤ ከደህናው፣ ከመካከለኛውና ከሚቸገረው ልጅ ደብተር ይዘን። የቱ ፊደል ላይ እንደተሰናከሉ እናያለን፤ ለሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት የቱን እንደምናስቀድም እንስማማለን፤ መርጃ መሣሪያውን እንከፋፈላለን። ማኒላ ወረቀት ውድ ሆኗል፤ አንዷ የሠራችውን የፊደል ካርድ ሌላዋ ከተጠቀመችበት በኋላ ለሦስተኛዋ ብታስተላልፍ ለትምህርት ቤቶቹም ወጪ ይቀንሳል።

የሚያስፈራኝን ልንገርዎ። ይህ ሐሳብ ቢፈቀድ በሁለተኛው ወር ቅጽ ይወጣለታል፤ በሦስተኛው ወር ቼክሊስት፤ ከዚያ የደረጃ ሠንጠረዥ ይለጠፍና «ግንባር ቀደም ጉድኝት» ይመረጣል። ያን ጊዜ መምህሩ የሚቸገረውን ልጅ ደብተር ቤቱ ትቶ የጎበዙን ብቻ ይዞ ይመጣል። አንድ ገጽ ቃለ ጉባኤ ይበቃል። ሱፐርቫይዘሩ ይምጣልን፤ ልንደብቀው የምንፈልገው ነገር የለም። ግን ከእኛ ጋር ተቀምጦ ደብተር የሚያርም ሆኖ ይምጣ። አበል አንጠይቅም።

የዜሮ ክፍል መምህራን እንዳይረሱ አደራ እላለሁ። ብዙዎቹ በኮንትራት፣ ከሁላችንም ባነሰ ደመወዝ የሚሠሩ ወጣቶች ናቸው፤ ለሥልጠና ሲጠሩም እምብዛም አይታዩም። እኔ መስከረም ላይ የምቀበለው ልጅ ግን ከእነሱ እጅ የወጣ ነው። ሌላው የምደባ ነገር ነው። አንደኛ ክፍል በብዙ ቦታ እንደ ቅጣት ይታያል፤ አዲስ የመጣ ወይም ከርእሰ መምህሩ ጋር ያልተስማማ ይመደብበታል፤ ጥቅምት ላይ ደግሞ ሌላ ክፍል ሲጎድል ተነሥቶ ይሄዳል። በየሁለት ሳምንቱ አዲስ ፊት ይዞ የሚሰበሰብ ቡድን ማቀድ አይችልም። መስከረም ላይ የተመደበ የጀማሪ ክፍል መምህር ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ከሌለ በስተቀር እስከ ሰኔ እንዳይነሣ አንድ ሰርኩላር ይጻፍልን።

ካሌንደሩ ጳጉሜን ሳይገባ ለየትምህርት ቤቱ እንደሚሰራጭ እናውቃለን፤ ስለዚህ ጊዜ የለንም። በሁሉም ጉድኝት ባንድ ጊዜ መጀመር ካስቸገረ ሁለት ጉድኝቶች ይመረጡ፤ አንዱ ለከተማ የቀረበ፣ አንዱ ራቅ ያለ፤ እስከ ጥር ይሞከር። የመጀመሪያው ሴሚስተር ሲያልቅ በሁለቱም ጉድኝቶችና ባልተሞከረባቸው ትምህርት ቤቶች ያሉ የሁለተኛ ክፍል ልጆች አንድ ዓይነት ቃላት ይጻፉ። እኛ ደብተሮቹን በኬሻ ጭነን ጽሕፈት ቤትዎ ድረስ እናመጣለን፤ ልዩነት ከሌለው ረድፉን ከካሌንደሩ ይሰርዙታል። ቢሮው ቢጠብ አዳራሹ ይበቃናል።

ከማክበር ጋር
አንዲት የአንደኛ ክፍል መምህር፣ ምሥራቅ ጎጃም

ግልባጭ፦
ለጉድኝት ማዕከላት ሱፐርቫይዘሮች
ለወረዳው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ርእሳነ መምህራን
ለወላጅ መምህር ኅብረት