ወደ አሜሪካ ለሚያመለክቱ ተማሪዎች የትምህርት ቤት ሰነድ በጊዜ ይስተካከል

ለዝግጅት ክፍሉ፣

አሜሪካ ኮምፒውተር ሳይንስ ለመማር የሚያመለክቱ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች አብዛኛውን ጉልበታቸውን የሚያፈሱት 650 ቃላት በማያልፈው የማመልከቻ ድርሰት ላይ ነው። ማመልከቻውን የሚያሰናክለው ግን ብዙ ጊዜ ከትምህርት ቤት ጽሕፈት ቤት የሚወጣው ወረቀት ነው። ርዕሳነ መምህራንና የሪከርድ ሠራተኞች እንዲያነቡልን የፈለግነውም ለዚህ ነው።

የትውልድ ቀንን እንውሰድ። ጥር 5 ቀን 1999 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ ፓስፖርቷ ላይ የሚሰፍረው ጃንዋሪ 13 ቀን 2007 ነው። በእንግሊዝኛ የታተመው ትራንስክሪፕቷ (የክፍል ውጤቷ ሰነድ) ላይ ግን 5/5/1999 ተብሎ እንዳለ ይቀመጣል። አሜሪካ ያለው አንባቢ ሜይ 5 ቀን 1999 ብሎ ያነበዋል፤ ልጅቷ ላይ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ገደማ ይጨመርባታል። ዓመቱን ለመቀየር ሰባት መደመር ብቻውን አይበቃም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ስምንት ነው የሚደመረው። የትምህርት ዘመኑም እንደዚሁ ነው፤ «9ኛ ክፍል፣ 2015» ተብሎ ያለ ማብራሪያ ከተጻፈ ተማሪው ለዓመታት ትምህርት ያቋረጠ ይመስላል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር 2022/23 ተብሎ ይጻፍ።

ስምም ሌላው ጣጣ ነው። ጽዮን የሚለው ስም አንዱ ሰነድ ላይ በ«ቲኤስ»፣ ሌላው ላይ በ«ዜድ» ይጀምራል። ኤስኤቲ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ምዝገባ፣ ትራንስክሪፕቱና ማመልከቻው አንድ ዓይነት ፊደል ካልያዙ ውጤቱ ከማኅደሩ ጋር ሳይገናኝ ይቀራል። መነሻው ፓስፖርቱ ይሁን፤ ሌላው ሁሉ ፊደል በፊደል እሱን ይከተል።

ኮመን አፕ በሚባለው የማመልከቻ ሥርዓት ውስጥ «ካውንስለር» (የተማሪዎች አማካሪ) የሚባል ሰው የግድ ያስፈልጋል። ብዙ ትምህርት ቤቶች እንዲህ ያለ ባለሙያ ስለሌላቸው ተማሪው ተስፋ ይቆርጣል፤ ነገር ግን የእሱን ድርሻ ርዕሰ መምህሩ ወይም ምክትሉ ሊሞሉት ይችላሉ። ተማሪው ኢሜይላቸውን ሲያስገባ የሚሞላው ቅጽ በቀጥታ ለእሳቸው ይላካል፤ ስፓም ውስጥ ገብቶ ስለሚቀር እዚያም ይፈለግ። ትራንስክሪፕቱን በዚያው የሚጭኑት እሳቸው ናቸው እንጂ ተማሪው አይደለም። አብሮ አንድ ገጽ የትምህርት ቤት መግለጫ ይያያዝ፦ ውጤት ከ100 እንደሚሰጥ፣ ማለፊያው ስንት እንደሆነ፣ በክፍሉ ስንት ተማሪ እንዳለ፣ ብሔራዊ ፈተናው መቼ እንደሚሰጥ። 78 ያመጣ ተማሪ ከክፍሉ አንደኛ ሊሆን እንደሚችል ለዩኒቨርሲቲዎቹ ከዚህ መግለጫ ሌላ የሚነግራቸው የለም።

ለወላጆችና ለተማሪዎች ደግሞ፣ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ላይ ጥንቃቄ ይደረግ። በሲያትሉ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲና በካርኔጊ ሜለን ኮምፒውተር ሳይንስ የሚገባው ገና ሲያመለክት ነው፤ በሌላ ትምህርት ገብቶ በኋላ መቀየር እጅግ ይከብዳል። ኤምአይቲ ግን ተማሪ የሚቀበለው ያለ ዲፓርትመንት ነው፤ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ የፈለገውን ይመርጣል። ዋናው ጥያቄ ገንዘብ ነው። ኤምአይቲ፣ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተንና አምኸርስት የውጭ ተማሪን ገንዘብ መጠየቁን ሳያዩ ይመዝናሉ፤ ለተቀበሉትም የጎደለውን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናሉ። መቀበያቸው እጅግ ጠባብ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ግን በዲግሪ ደረጃ ለውጭ ተማሪ የሚሰጡት ድጋፍ እጅግ ጥቂት ነው፤ ከፋይ ለሌለው ልጅ ማመልከቻ ክፍያውን እዚያ ማውጣት በእኛ እምነት ኪሳራ ነው። የገንዘብ ድጋፍ ቅጹ ላይ የሚጠየቀው የዓመት ገቢ ነው፤ የወር ደመወዝ ብቻ የሚሞሉ ወላጆች አሉ።

የብዙዎቹ ቀነ ገደብ ጃንዋሪ መጀመሪያ፣ ማለትም ታኅሣሥ ማብቂያ ላይ ነው። ቀድሞ ለማመልከት የሚፈልግ ደግሞ ለአብዛኞቹ እስከ ኖቬምበር 1፣ ጥቅምት 22 ገደማ መጨረስ አለበት። የ9ኛ፣ የ10ኛና የ11ኛ ክፍል ትራንስክሪፕት እስከ መስከረም መጨረሻ ተስተካክሎ ይዘጋጅ፤ የ12ኛ ክፍል የመንፈቅ ውጤት የካቲት ላይ ለብቻው ይላካል።

የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብና የአይሲቲ መምህራን
አዲስ አበባ