ለዝግጅት ክፍሉ፦ የማይበቃት ሹራብ

ሰላም ዝግጅት ክፍሎች፣ ያለወላጅ ስለተሰደዱ ልጆች የሚያወራውን ልብወለድ ባለፈው ሳምንት ስታስተዋውቁ ልጅቷ ከእናቷ ጋር ተገናኝታ በደስታ ያልቃል ብላችኋል። እኔ መጽሐፉን ጨርሼው ስለነበር ይሄ ነገር ሊዋጥልኝ አልቻለም።

ታሪኩ ልብወለድ ይሁን እንጂ መነሻው በትክክል የሆነ ነገር ነው፣ ኖቬምበር 1938 እኤአ ናዚዎች በጀርመን ምኩራብ አቃጥለው የአይሁዶችን ሱቅ ከሰባበሩ በኋላ እንግሊዝ ከ17 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችን ያለ ወላጆቻቸው ልቀበል አለች፣ ሴፕቴምበር 1939 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እስኪጀመር ድረስ 10,000 የሚሆኑ ልጆች ቁጥር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሎ ሻንጣቸውን ይዘው በባቡርና በመርከብ ተሻገሩ። ብዙ እናትና አባት ቶሎ እንመጣለን እያሉ ነው የሸኟቸው። ከወላጆቹ አብዛኞቹ ተገደሉ።

የመጽሐፉ ልጅ እናቷ ተርፋላታለች፣ እሺ፣ ግን እስኪ አስቡት በ6 ዓመቷ ሄዳ በ13 ዓመቷ ነው እኮ የምታገኛት! ጦርነቱ ከጀመረ በኋላ ደብዳቤ የሚባለው በቀይ መስቀል በኩል የሚላክ ከ25 ቃል የማይበልጥ መልእክት ነበር፣ 25 ቃል፣ እናት ለልጇ የቱን ጽፋ የቱን ትተው? እሱም ተቋረጠ። ልጅቷ ጀርመንኛውን ረስታ፣ ሌላ ሴት ማሚ እያለች አደገች። እናት ደሞ ልቧ ውስጥ ያለችው የ6 ዓመቷ ልጅ ስለሆነች ለሷ የሚሆን ሹራብ ሰርታ ይዛ መጣች። ደራሲዋ ለዚህ ሹራብ አንድ መስመር ብቻ ነው የሰጠችው፣ እኔ ግን እዛ ጋ ስደርስ መጽሐፉን ዘግቼ ብዙ ቆየሁ።

በእውነተኛው ታሪክም ከጦርነቱ በኋላ ወላጆቻቸውን ካገኙት ጥቂት ልጆች መሀል ቋንቋው ጠፍቷቸው ከገዛ እናታቸው ጋር መግባባት ያቃታቸው ነበሩ። ልጆቹም ወላጆቹም ምንም አላጠፉም፣ ሰባት ዓመት ግን ሄዷል። የመጽሐፉን ልጅ ያሳደገቻትስ ሴትዮ? ጣቢያው ላይ የልጅቷን ኮት ይዛ ራቅ ብላ ቆማለች፣ እናንተ ስለሷ አንድ ቃል አልጻፋችሁም።

ደራሲዋ ላይም ቅሬታ አለኝ፣ ልክ ሲተቃቀፉ ታሪኩን አቆመችው፣ እኔ ግን የዛን ቀን ማታ ቤት ገብተው በር ሲዘጋ ምን ተባባሉ፣ በየትኛው ቋንቋስ አወሩ የሚለውን ነበር ማንበብ የፈለግኩት። ስለ መጽሐፉ ደግማችሁ የምትጽፉ ከሆነ እባካችሁ ስለዛ ማታ ጻፉ።

አንባቢያችሁ